ሰዓቱ እየጠበቀ ነው

ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከለገሃሩ ጀርባ፣
ሙቀቱ ሳያንኳኳ እንደ አርፋጅ ሲገባ፣
ክንፉ የጎደለው ፋን አናታችን ላይ ሲያቃስት፣
አሥራ አንድ ነን በጠቅላላው፣ አግዳሚ ወንበሩ ሦስት።

የዛሬው ትምህርት፦ የመጽሐፍ ሪፖርት።
ርዕሱ? ባለታሪኩ? ምን ሆነ? ምን ወደዳችሁ? ለምን?
ጠመኔዬ አልቆ
የመጨረሻዋን “ለምን” በጥፍሬ ነው የጨረስኳት።

መጽሐፏ ቀጭን ናት።
አንድ ሽማግሌ የከተማውን ሰዓት ይሞላል በየማታው፣
ደረጃ ወጥቶ፣ ቁልፍ አዙሮ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ነው።
አንድ ቀን ማታ አልወጣም። ሰዓቱ ቆመ።
ፎቶኮፒው እዚያ ላይ ያበቃል።

መጀመሪያ ኢብሳ ተነሣ፤ ቀን ባጃጅ ነው የሚነዳ፣
እንግሊዝኛውም እንደ ባጃጁ፣ ፍሬን የሌለው ማርሹ የተጎዳ፦
“መጽሐፉ ጥሩ ነው። ወደድኩት። ትምህርት ይሰጣል።”
ረምላ ቀጠለች፦ “ጥሩ ነው። ትምህርት ይሰጣል።”
ከኋላ ያለው ልጅ “ጥሩ…” ብሎ፣ ሳይቆም ይቀመጣል።
ሁሉም ይሰጣል ይላል፤
የተቀበለ ግን የት አለ?

ጋሽ መርዕድ ተነሡ። ሠላሳ አራት ዓመት በባቡር
ትኬት ሲበሱ የኖሩ፣ ፈረንሳይኛ ከአፋቸው የማይቀር፣
እንግሊዝኛን በስተርጅና “የልጅ ልጄ እንዳታማኝ” ብለው የመጡ፣
ወረቀታቸውን እንደ ትኬት ወደ መብራቱ አንሥተው እየገለበጡ
አነበቡ፦
“ዘ ክሎክ ኢዝ ዌይቲንግ።”
ሰዓቱ እየጠበቀ ነው።

“ጋሽዬ፣ ቆመ ነው የሚባለው፤ ስቶፕድ፤ ኃላፊ ጊዜ” አልኩ፣
ቀዩን እስክሪብቶ እንደ ጣቢያ ባንዲራ ከፍ እያደረግኩ።
እሳቸው ግን አልቆሙልኝም፦
“ልጄ፣ የቆመና የሚጠብቅ በዓይን ሲያዩት አንድ ነው፤
ልዩነቱን የሚያውቀው ውስጡ ያለው ሰው ነው።
ሽማግሌው እምቢ አላለም። ቤቱ ቁጭ ብሎ
‘ማን ያንኳኳ ይሆን?’ ይላል፣ ጆሮውን በሩ ላይ ጥሎ።
እኔ ፉጨት ከሰማሁ ስንት ዓመቴ፤
ኮፍያዬን ግን እቦርሻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት።”

ያኔ ኒምኦ ከጥጓ፣ ቀን ታይዋን ሽቶ ሸጣ
የምትመጣው፣ ሁለት ወር ከ“የስ ቲቸር” ሌላ ቃል ሳታወጣ፣
ዴስኩን መታች፦ “አይ ዲስአግሪ!”
ፋኑ ራሱ የቆመ መሰለን።
“ሽማግሌው ደከመው! ደከመኝ ማለት መብት የለውም?
በከተማ ሙሉ ሰው መሃል ‘ቁልፉን ልያዝልህ’ ያለ የለም?”
በእንግሊዝኛ ጀምራ፣ በአማርኛ አልፋ፣ በሶማልኛ ጨረሰች፤
ኢብሳ በኦሮምኛ ገባ፤ ረምላ በሁሉም መለሰች።
“አቦ፣ ባትሪው አልቆ ነው!” አለ ያ ከኋላ ያለው ልጅ።
“እንግሊዝኛ!” አልኩ። ማንም አልሰማኝ። ደግሜ አልኩ። ከዚያ ተውኩት፤
አራት ዓመት የለመንኩት ጸብ ነው፣ እንዴት ብዬ ልበትነው?

“ቲቸር፣ መጨረሻው ግን ምንድን ነው?”
ሁሉም ዞረው አዩኝ።
ከእርዳታ ካርቶን ስትወጣም የመጨረሻዋ ቅጠል አልነበረችም፤
አራት ዓመት ያስተማርኩትን ታሪክ እኔው ጨርሼው አላውቅም።
“አላውቅም” አልኩ።
ላብ ከግንባሬ ወረደ፤ ሙቀቱ ነው ብዬ ጠረግኩት።
ረምላ ሳቀች፦ “እንግዲያ ሁላችንም ልክ ነን?”
“የለም” አለች ኒምኦ። “እኔ ነኝ።”

መብራት ሄደ። ወጣን። ደቻቱ ውኃ የለውም፣ ጨረቃ አሸዋው ላይ ፈስሷል፤
ክርክሩ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ መጋላ ይሰማል።
ጋሽ መርዕድ ብቻ ከኋላ፣ በዝግታ፣
ዌይቲንግ፣ ዌይቲንግ ይላሉ፣ እንደ ጎማ ድምፅ በሐዲድ ላይ።

ዘጠኙን ወረቀት አርሜያለሁ።
አንዱ ቀርቷል፦ “ስቶፕድ” ብዬ በቀይ ጽፌ፣
በቀይ መልሼ ሰርዤው።
ከአሥር ስንት ልስጣቸው?
ጠዋት በለገሃር ሳልፍ የጣቢያውን ሰዓት ቀና ብዬ አየሁት፤
አራት ከሩብ ይላል፤ አምናም አራት ከሩብ ነበር።
ጥቂት ቆምኩ ከሥሩ።
ወይም ጠበቅኩ።